ስልኩ ላይ የቀረው የባለፈው ሳምንት ዋጋ

አጎቴ የደወሉልኝ በርበሬያቸውን ሸጠው ከጨረሱ በኋላ ነው።

«ልጄ፣ ያች ገጻችሁ ያለችውን ዋጋ ይዤ ሄድሁ። ነጋዴውም እሺ አለኝ። ምንም ሳይከራከር እሺ ሲለኝ ያን ጊዜ ጠረጠርሁ» አሉኝ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ሳምንት የዛላ በርበሬ ዋጋ በኪሎ 30 ብር ጨምሯል። እኔና ጓደኛዬ ጭማሪውን ከሁለት ቀን በፊት ገጻችን ላይ አውጥተነዋል። በዓይኔ አይቸዋለሁ። አጎቴ ግን ገበያ ከመውረዳቸው በፊት በልጃቸው ስልክ ሲያስከፍቱ ያዩት የባለፈውን ሳምንት ዋጋ ነው። አንድ ኩንታል ሸጡ። ሒሳቡን እናንተው ምቱት፤ 3,000 ብር። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ በገበዝ ማርያም በኩል ላለ አንድ የገበሬ ቤት 3,000 ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። የልጁ ደብተርና ዩኒፎርም ነው፣ የመብራት ነው፣ የሰርግ ሥጦታ ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብን። ነገሩን ከመጀመሪያው ላውራላችሁ፤ ምክንያቱም ስልካችሁ ላይ በየቀኑ የምታዩት፣ ግን ስም የማትሰጡት ነገር ስለሆነ ነው።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ መምህራችን የሮበርት ጄንሰንን ጥናት አስነበቡን። በደቡብ ህንድ በኬራላ የባህር ዳርቻ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የሞባይል ኔትወርክ በየተራ ሲዘረጋ፣ ዓሣ አጥማጆች ገና ባህር ላይ ሳሉ ወደየወደቡ እየደወሉ ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ። በ2007 የታተመው ጥናት እንደሚለው የአጥማጆቹ ትርፍ በአማካይ 8 በመቶ አደገ፣ ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ 4 በመቶ ቀነሰ። ገዢ አጥቶ ይጣል የነበረው ዓሣም ቀረ። ሁለቱም ወገን የተጠቀመው በአንድ የስልክ ጥሪ ነው። እኛም አገር የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከትልልቅ ሐሳቦቹ አንዱ ይኸው ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ የተቆረጠውን ዋጋ ገጠር ያለው አምራች እኩል ይወቀው።

የእኛን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። ቡሬ ላይ ደግሞ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። በቆሎውም በርበሬውም በዚያ መስመር ይጫናል። ነጋዴው አዲስ አበባ ደውሎ ዋጋውን ያውቃል። ገበሬው ግን ማዳበሪያውን ሚዛን ላይ ካወጣ በኋላ ነው የሚሰማው። እና እኔና ሶፍትዌር የተማረች ጓደኛዬ «ለምን አንሠራውም?» አልን። አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር በየሳምንቱ የሁለቱን ከተሞች ዋጋ ሊሰጠን ተስማማ። ሒሳብ ሠራተኛቸው መዝግቦ ይሰጠናል፣ እኛ እናወጣዋለን።

ገጹን የሠራነው በጃቫ ነው። ለምን ጃቫ ብትሉ፣ ጓደኛዬ ዩኒቨርሲቲ ስትማር የኖረችው እሱን ስለሆነ፤ ሌላ የተራቀቀ ምክንያት የለንም። በነገራችን ላይ ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1995 በሰን ማይክሮሲስተምስ ሲወጣ ስሙን የወሰደው ከቡና ነው፤ ምልክቱም ትኩስ ስኒ ነው። የቡና አገር ልጆች ሆነን በጃቫ መሥራታችን ያምርብናል እያልን ስንሳሳቅ ነበር። ሳቁ እስከ መጀመሪያው ቀን ቆየ።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳ፤ ያለሱ ቀሪው አይገባም። ስልካችሁ ላይ አንድ ገጽ ስትከፍቱ አንድ ነገር የመጣላችሁ ይመስላችኋል። አይደለም። ስልኩ መጀመሪያ ጽሑፉን ብቻ ይጠይቃል። ጽሑፉ ሲደርሰው ውስጡን ያነብና «ቀለሙንና አቀማመጡን የሚነግረው ፋይል እዚህ አለ፣ አርማው እዚህ አለ፣ ፎቶው እዚያ አለ» የሚሉ ሊንኮች ያገኛል። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው እንደገና ሰርቨሩን ይጠይቃል። እነዚህን ሰርቨሩ ምንም ሳያሰላባቸው፣ እንዳሉ ከመደርደሪያ አንሥቶ የሚሰጣቸውን ፋይሎች ነው ባለሙያዎቹ ስታቲክ የሚሏቸው። የማይንቀሳቀሱ፣ የማይለዋወጡ ማለት ነው። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ «የማይለዋወጡ»። የአጎቴ 3,000 ብር የሄደው በእሷ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ግን ሌላ ችግር ገጠመን። ገጹ በጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ አምሮበት ነበር። አረንጓዴው አርማ፣ ሠንጠረዡ፣ የበርበሬ ፎቶው፣ ሁሉም በቦታው። ሰርቨር ላይ ጭነን በስልካችን ስንከፍተው ግን ራቁቱን መጣ። ቀለም የለ፣ አቀማመጥ የለ፣ ነጭ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ብቻ። ፎቶዎቹ ያሉበት ቦታ ላይ ያቺን የተቀደደች ወረቀት የምትመስል ትንሽ ምልክት አየን። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከጀርባ ስናየው ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ 404 እያለ ይመልሳል፤ «የለም» ማለት ነው።

«እንዴት የለም ይላል? ይኸው እዚህ አለ!» አለች ጓደኛዬ ፎልደሩን ከፍታ በጣቷ እየጠቆመች። ፋይሉ እውነትም አለ። የጠፋው አድራሻው ነው።

ነገሩ ሲገባኝ የገረመኝ፣ እኛ አገር ቤት ከምንጠቋቆምበት መንገድ ጋር አንድ መሆኑ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሰው ቤቱን ሲነግራችሁ የቤት ቁጥር አይጠራም። «ከመናኸሪያው ወረድ ብለህ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን» ይላል። ይህ አቅጣጫ የሚሠራው መናኸሪያው ጋ ለቆመ ሰው ነው። ሌላ ቦታ የቆመ ሰው እንዲሁ «ወረድ» ቢል ሌላ ሰፈር ይገባል። (ፍኖት ራሱ መንገድ ማለት መሆኑን ልብ በሉ። ፕሮግራመሮችም የፋይል አድራሻን ፓዝ ነው የሚሉት፤ መንገድ። ከተማችን በስሟ ቀድማቸዋለች።)

ሊንክም እንደዚያ ነው። በስላሽ የሚጀምር ሊንክ «ከሰርቨሩ ዋና በር ጀምረህ ቁጠር» ይላል። ስላሽ የሌለው ሊንክ ደግሞ «አሁን ካለህበት ቦታ ጀምር» ይላል። ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ አፑ ዋናው በር ላይ ነበር የተቀመጠው። ስለዚህ በስላሽ የጀመረው ሊንክ ሁሉ ሠራ። ሰርቨሩ ላይ ግን ቶምካት የሚባል ጃቫ አፖችን የሚያስተናግድ ፕሮግራም አለ፤ እሱ በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ እንደሚያስገባ የቤት ባለቤት ነው። የታሸገውን አፕ፣ ዋር ፋይል የሚሉትን፣ ስትሰጡት በፋይሉ ስም አንድ ክፍል ይሰጠዋል። የእኛ ፋይል ስሙ «ዋጋ» ነበር፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ። ስለዚህ አፓችን ከዋናው በር አልፎ «ዋጋ» የሚባል ክፍል ውስጥ ገባ። ኮንቴክስት ፓዝ ይሉታል። ሊንኮቻችን ግን አሁንም ዋናው በር ላይ ቆመው «አርማ! አርማ!» እያሉ ይጣራሉ። በሩ ላይ ማን አለ? ማንም።

እኔ ብልጥ ልሁን ብዬ «ስላሹን አጥፊውና ካለበት ይጀምር» አልኳት። አጠፋችው። የመጀመሪያው ገጽ ተስተካከለ፣ ተቃቀፍን። ከዚያ የበርበሬውን ገጽ ስንከፍት እንደገና ራቁቱን መጣ። የበርበሬው ገጽ አድራሻ አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ይገባል። ስልኩ «ካለሁበት ልጀምር» ብሎ የቀለሙን ፋይል እዚያው ውስጥ ፈለገው፤ ፋይሉ ያለው ደግሞ አንድ ደረጃ ላይ ነው። መናኸሪያ ጋ የሠራው አቅጣጫ ገበያ መሃል አልሠራም።

መፍትሔው ሊንኩን በእጅ አለመጻፍ ነው። አፑ የገባበትን ክፍል ስም ራሱ ያውቃል፤ ቶምካት ይነግረዋል። ስለዚህ ገጹ ተዘጋጅቶ ከመላኩ በፊት እያንዳንዱ ሊንክ ፊት የክፍሉን ስም እንዲጨምር ታዝዙታላችሁ። ጓደኛዬ የምትጠቀመው ታይምሊፍ ላይ ይህ በአት ምልክትና በቅንፍ ይጻፋል። በድሮው ጄኤስፒ የሚሠሩ ደግሞ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ታግ አላቸው። አንድ መስመር ናት። እኛ ግን ሌሊቱን ሙሉ ፎልደር ስናዟዙር አደርን።

ይህ የጀማሪ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው ሥርዓት የተሠራው በጃቫ ነው፤ መሠረቱ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። የሕክምና መዝገብ የሚያዝበት ኦፕንኤምአርኤስም ጃቫ ነው። እነዚህን የጻፉት ሰዎች ፕሮግራሙን የሚጭነው ባለሙያ ምን የሚባል ክፍል ውስጥ እንደሚያስገባው አስቀድመው ሊያውቁ አይችሉም። በአንድ ሰርቨር ላይ አንዱ ለሥልጠና፣ አንዱ ለእውነተኛው ሥራ ተብሎ ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ሊቀመጥ ይችላል። ሊንኩ በእጅ የተጻፈ ቢሆን የሥልጠናው ገጽ የእውነተኛውን ፋይል ሊጠራ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ በየገባበት ቤት ራሱ «የት ነኝ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

የተቀሩትን ትንንሽ ስህተቶች ቶሎ ልለፋቸው። የምንጠቀምበት ስፕሪንግ ቡት የሚባለው መሣሪያ «ስታቲክ» የሚል ፎልደር ውስጥ ያስቀመጥንለትን ያቀርባል። የፎልደሩ ስም ግን አድራሻው ውስጥ አይገባም፤ እኔ እየጨመርኩት ስንት ጊዜ 404 በላሁ። ፎቶዎቹን «ዌብ-ኢንፍ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያስቀመጥንበት ቀንም አለ። ያ ፎልደር በጃቫ ሕግ ከውጭ ለሚጠይቅ ሰው በቀጥታ አይሰጥም፤ ጓዳ ነው። የፊደል መጠንም አለ። አንዱ ፎቶ ስሙ በትልቅ የላቲን ፊደል ተጽፎ ሊንኩ በትንሹ ነበር። ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ እየሠራን ሳለ ዝም ብሎ አለፈን፤ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሲደርስ ግን ሁለቱ የተለያዩ ስሞች ናቸው።

ፋይሉን በአማርኛ «በርበሬ» ብዬ ልሰይም ያልኩትም እኔ ነኝ። ይቻላል። ግን አድራሻ ሆኖ ሲላክ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይተረተራል፤ አራት ፊደል የሆነችው በርበሬ 36 ምልክት ሆነች። ቴሌግራም ላይ ሊንኩን ስልክ የመንግሥት የይለፍ ቃል የላኩ መስሎኝ ነበር። በዚያ ላይ ከስምንተኛው እትም በፊት የነበሩ ቶምካቶች ካልተነገራቸው በቀር ፊደላችንን ከአድራሻ ላይ በትክክል አያነቡም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ አድራሻ ላይ ግን ዛሬም እንግዳ ነው። በላቲን ሰየምነውና ተገላገልን።

ከዚያ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚባለው ነገር መጣ። ገጹ ሥራ ከጀመረ በኋላ ከገጠር የሚደውሉ ልጆች «ፎቶ የለውም» ይላሉ። የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ግን «ኧረ አለው፣ እያየሁት ነው» ይለናል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። እሱ ዋጋ ስለሚያስገባ በይለፍ ቃሉ ገብቶ ነው የሚያየው። እኛ ደግሞ ለጥበቃ ብለን ያልገባ ሰው የሚጠይቀውን ነገር ሁሉ ወደ መግቢያው ገጽ እንዲመልስ አዘን ነበር፤ ዋጋው የሚታይበትን ገጽ ብቻ ፈቅደን፣ በገጹ ውስጥ የሚጠሩትን ፎቶዎች ረሳናቸው። ስለዚህ ያልገባ ሰው ስልክ ፎቶ ሲጠይቅ ሰርቨሩ በፎቶው ፋንታ «እባክዎ የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ» የሚል ገጽ ይልክለታል። ስልኩ ያንን እንደ ፎቶ ሊስለው ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ የተቀደደችውን ወረቀት ያሳያል። ሠርግ ቤት እንግዳውን በር ላይ አሳልፎ ወንበሩን መከልከል ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ገጹን የምንፈትሸው በራሳችን ስልክ አይደለም። የሰው ስልክ እንለምናለን።

አሁን ወደ አጎቴ በርበሬ።

ዳታ ውድ ነው፤ ለእናንተ አልነግራችሁም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት የቆየን ሰዎች ደግሞ ኔትወርክ ሲገኝ እያንዳንዷን ደቂቃ እንቆጥራለን። ስለዚህ እኔ፣ ኢኮኖሚስቱ፣ አንድ ቁጠባ አመጣሁ። ስልክ አንድ ጊዜ ያመጣውን ፋይል ለራሱ ያስቀምጣል፤ ካሽ ይሉታል። ሰርቨሩ ፋይሉን ሲልክ «ይህን ለዚህን ያህል ጊዜ አስቀምጥ፣ እስከዚያ ድረስ ደግመህ አትጠይቀኝ» ብሎ ሊነግረው ይችላል። «ሁሉም ፎቶዎች ለ30 ቀን ይቀመጡ፤ ሰው አርማችንን በየቀኑ ለምን ይግዛ?» አልኳት። ጓደኛዬ ተስማማች። ሐሳቡ በራሱ ጥሩ ነበር። አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ፤ ለአርማው።

የሳምንቱ የዋጋ ሠንጠረዥ ግን ፎቶ ነበር። ሒሳብ ሠራተኛው በኤክሴል ሠርቶ፣ ስክሪኑን ፎቶ አንሥቶ ይልክልናል። እኛም በየሳምንቱ አሮጌውን አውጥተን አዲሱን በዚያው ስም እንተካዋለን። ሊንኩ አይቀየርም፣ ሥራ ይቀንሳል፣ ደስ ይላል። የአጎቴ ልጅ ግን ገጹን ባለፈው ሳምንት ከፍቶት ነበር። ስልኩም ፎቶውን ተቀብሎ እንደታዘዘው ለ30 ቀን አስቀመጠው። በገበያው ቀን ጠዋት ልጁ እንደገና ሲከፍተው ስልኩ በዚያ ስም የተቀመጠ ፎቶ እንዳለው አየ፣ 30 ቀኑም አልሞላም፣ ስለዚህ ሰርቨሩን ሳይጠይቅ አሮጌውን አሳየ። እኔ ግን ዋጋው መቀየሩን ባረጋገጥኩ ጊዜ የከፈትኩት ምንም ካሽ በሌለው አዲስ መስኮት ነበር። ለእኔ አዲሱ መጣልኝ። «በዓይኔ አይቸዋለሁ» ያልኳችሁ ይህንን ነው።

ስልኩ ምንም አላጠፋም፤ የታዘዘውን አደረገ። ቶምካትም ጃቫም አላጠፉም። ያጠፋነው እኛ ነን፤ በየሳምንቱ የሚለዋወጥን ነገር የማይለዋወጡ ፋይሎች መደርደሪያ ላይ አስቀምጠን፣ የማይለወጥ ስም ሰጥተን፣ ለአንድ ወር አትጠይቁ አልን። የኬራላ አጥማጆች የደወሉት ያን ሰዓት ያለውን ዋጋ ለማወቅ ነበር። እኛ ለአጎቴ የሰጠናቸው ያለፈ ደብዳቤ ነው። ከምንም የከፋው ደግሞ ትክክለኛ መምሰሉ ነበር። ያቺ የተቀደደች ወረቀት ብትታይ ኖሮ አጎቴ ይጠይቁ ነበር፤ ለሰው ይደውሉ ነበር። ያመር የነበረው ገጽ ነው ያታለላቸው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ 404ን እንደ ጠላት ነበር የማየው።

ጥገናው ሁለት ቦታ ነው። አርማው፣ የቀለሙ ፋይልና እነሱን የመሳሰሉት አሁንም ስልክ ላይ ይቀመጣሉ፤ እንዲያውም ለአንድ ዓመት። ልዩነቱ ስማቸው ነው። ስፕሪንግ ከፋይሉ ይዘት የሚወጣ እንደ ጣት አሻራ ያለ ረጅም ቁጥር አስልቶ ስሙ ላይ ይቀጥልለታል። አርማውን አንድ ነጥብ እንኳ ብንቀይረው አሻራው ይለወጣል፣ ስሙ ይለወጣል፣ ሊንኩም አብሮ ይለወጣል፤ ስልኩም ይህን ስም ከዚህ በፊት ስላላየው አዲስ ይጠይቃል። ይህም ቢሆን የሚሠራው ሊንኩን አፑ ራሱ ሲጽፈው ነው። በእጅ የጻፋችሁት ሊንክ የአሮጌውን ስም እየጠራ ይቀራል።

ዋጋው ደግሞ ከፎቶነት ወጣ። ሒሳብ ሠራተኛው ቁጥሩን በቅጽ ላይ ያስገባል፣ ከዳታቤዝ ተነሥቶ እንደ ጽሑፍ ይመጣል። ስልኩም ከማሳየቱ በፊት ሁልጊዜ «ተቀይሯል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ ታዟል። ካልተቀየረ ሰርቨሩ 304 ብሎ አጭር መልስ ይሰጣል፤ «ያለህን አሳይ» ማለት ነው፣ ይዘቱን ደግሞ አይልክም። እና እዚህ ጋ የኢኮኖሚስት ኩራቴን የሚነካ ነገር አለ፤ ያ ፎቶ 380 ኪሎባይት ነበር። ጽሑፉ 4 ኪሎባይት አይሞላም። በየቀኑ አዲስ ዋጋ መጠየቁ፣ እኔ በካሽ ላድነው ካልኩት ፎቶ አንድ ጊዜ ማውረድ በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ከመጀመሪያውም የሚቆጠበው እዚያ ነበር። ገጹ ላይ የነበረውን የአማርኛ ፊደል ለማሳመር ብለን የጨመርነውን የፎንት ፋይልም አወጣነው፤ የአንድሮይድ ስልኮች የራሳቸው የኢትዮጵያ ፊደል አላቸው።

ይህን ሁሉ ከጨረስን በኋላ ለአጎቴ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። 3,000 ብሩን እልክልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ምን አልህ? ተው እንጂ፣ ነገር አታብዛ» አሉኝ። «በርበሬውን የሸጥሁት እኔ። ዋጋ ሳልጠይቅ የሄድሁት እኔ። አንተ ይልቅ ያችን ነገር አስተካክልልኝ፤ ገና ሁለት ኩንታል አለኝ።»

ብሩን አልወሰዱም። ለልጁ ዳታ ሞላሁለት፤ እሱ አልተከራከረም።

የቲም በርነርስ-ሊን ስም ሰምታችሁ ይሆናል፤ ድሩን የፈለሰፈው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ አጭር ጽሑፍ ጽፎ ነበር፤ የገጽ አድራሻ አንዴ ከወጣ በኋላ መቀየር የለበትም የሚል። ሰው ያስቀመጠው ሊንክ ከዓመታት በኋላም መሥራት አለበት ብሎ ይከራከራል። እውነቱን ነው። አዋጅ ወይም ቅጽ ፈልጋችሁ የመሥሪያ ቤት ገጽ ላይ ገብታችሁ፣ «ያውርዱ» የሚለውን ስትነኩ 404 የመጣባችሁ ታውቁታላችሁ። ፋይሉ ሳይኖር ቀርቶ ላይሆን ይችላል። ገጹ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወር ክፍሉ ተቀይሮ፣ ሊንኩ አሮጌው በር ላይ ቆሞ እየተጣራ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲገጥመኝ አሁን አድራሻውን አያለሁ፣ አንዳንዴ በእጄ አንድ ቃል ጨምሬ ወይም ቀንሼ ፋይሉን አገኘዋለሁ። ሞክሩት። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ሲሳካ ግን ደስ ይላል።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዋዜማ የአጎቴን ልጅ በቪዲዮ ደወልኩለትና ገጹን ከፍቶ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። መጣ። ዋጋው አዲሱ ነው። እንኳን ደስ አለን ልል ስል ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፤ ስክሪኑን ፎቶ አነሣና የሰፈሩ ልጆች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። «ለምን ሊንኩን አትልክላቸውም?» አልኩት።

«ሊንክ ማን ይከፍታል? ፎቶ ይሻላል፤ ኔትወርክ ባይኖርም ይታያል» አለኝ።

ትክክል ነው። እዚያ ግሩፕ ውስጥ አሁን የሦስት ሳምንት ዋጋዎች በሦስት ፎቶ ተደርድረዋል፤ የትኛው የመቼ እንደሆነ አይለይም። ለጓደኛዬ ነገርኳት። ያን ምሽት ገጹን ከፍታ ቀኑን ከዋጋው በላይ፣ ከዋጋው በሚበልጥ ፊደል ጻፈችው። ማንም ሰው ስክሪኑን ሲያነሣ ቀኑ አብሮ እንዲነሣ።